አሮጊቷና የጠራው ውሃ

ሰኔ 2

የባሕር አበባዋ የለችም። ትልቋ፣ ሐምራዊዋ። ትናንት አዳራሹን ስዘጋ ድንጋይዋ ላይ ተለጥፋ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ድንጋዩ ባዶ ነው። ጠጠሩን በእጄ ፈተሽኩ፣ ከቧንቧው ጀርባ በባትሪ አየሁ። የለችም። አበባ የተባለችው መልኳን ያየ ሰው ስም ስላወጣላት እንጂ እንስሳ ነች፤ አፍ አላት፣ ሆድ አላት፣ የነካትን ትነድፋለች። እንስሳ ደግሞ ተንኖ አይጠፋም። አንዳንዴ ድንጋያቸውን ለቀው ቀስ እያሉ እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ግን ከገንዳ ወጥተው ወደ ቤታቸው አይሄዱም።

የውሃ መውጫው ወንፊት ወልቆ ነበር፤ መልሼ ገጠምኩት።

የአዳራሹ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ፣ ዳይሬክተሯ ጋ እና ላይኛው ፎቅ የሚሠራው የሚስቴ ወንድም ጋ ነው። ዳይሬክተሯ እጃቸውን ውሃ ውስጥ አይከቱም።

ሰኔ 4፣ ማታ

ሚስቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። የሥራ ነገር ነው አልኳት። እሷ የሰማችው ወንድሟ ጋ ሳይደርስ አያድርም፤ ክፋት ኖሯት አይደለም፣ የሁለቱ ነገር እንደዚያ ነው።

የጀመርኩትን በደንብ ልጻፈው፤ ኋላ አንድ ነገር ቢመጣ ያየሁትን እንዳልረሳ። ማሳያ ቤታችን ወደቡ አጠገብ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ነው። ላይኛው አዳራሽ የዓሣና የባሕር ኤሊ ነው፤ ሰው የሚመጣው ለሱ ነው። ታችኛው የኔ ነው። ሰፍነጎች፣ ኮራሎች፣ የባሕር አበቦች፣ ጄሊፊሾች፤ አከርካሪ ቀርቶ ራስ እንኳ የሌላቸው። ጎብኚው ዓይኑ በኤሊ ጠግቦ ይወርድና እኔን የሚጠይቀኝ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ነው። ሰፍነጎቹ ጋ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ቀልደኛ አይጠፋም፤ "ይሄ ዕቃ የምናጥብበት አይደል እንዴ?" ይላል፣ ቤተሰቡ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በየቀኑ አዲስ ቀልድ እንደሰማ ሰው መሳቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

መሃል ገንዳ ላይ ያለችው ቀይ ሰፍነግ አሮጊቷ ትባላለች። እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ አውጥታ ቆማለች። ከኔ በፊት የነበረው ጠባቂ አሳድጓት ጡረታ ሲወጣ "አደራ" ብሎኝ ሄደ። አፍ የላትም፣ ልብ የላትም፣ ነርቭ የሚባል ነገር የላትም። ገላዋን በሸፈኑት ቀዳዳዎች ውሃ ታስገባለች፣ ከውስጡ የሚጠቅማትን ትይዛለች፣ የቀረውን በላይ በኩል ትለቃለች። ቀንና ሌሊት ይህንኑ ስትሠራ ለሚያያት ግን ሥራ ፈት ትመስላለች። ለዚህ ነው መሰለኝ የምወዳት።

ባለፈው ስብሰባ ዳይሬክተሯ ተናገሩ፤ ክረምቱ ሲያልቅ ታችኛው አዳራሽ ይቀጥል እንደሆነ ይወሰናል። ካልቀጠለ ቦታው ለኤሊዎቹ ገንዳ ማስፋፊያ ይሆናል። እሳቸው ይህን ሲናገሩ የሚስቴ ወንድም ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ደስታውን ሲደብቅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በሰርጋችን ቀንም ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነው የዋለው፤ ያን ጊዜ ግን የሚደብቀው ሌላ ነገር ነበር።

እዚህ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ያ ራሱ ምን አስቦ ነው?

ሰኔ 9

የዳይሬክተሯ ቢሮ መስኮት ክፍት ነበር። ባልዲ ይዤ በሥሩ ሳልፍ የሚስቴን ወንድም ድምፅ ሰማሁ። "እሱ ፊት ባናነሳው ይሻላል። ክረምቱ ይለፍ።" ያለው ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል። ዳይሬክተሯ የመለሱትን አልሰማሁም፤ ባልዲው አጉል ጊዜ ከእጄ አምልጦ ተንኳኳ።

እሱ ማለት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ?

ሰኔ 12

ዛሬ ስለ ውሃው አሰብኩ። ከባሕር የሚሳበው ውሃ መጀመሪያ ላይኛው ፎቅ ይገባል። ዓሣው የዋኘበት፣ ኤሊው በልቶ ያራበት ውሃ በቧንቧ ወደኔ ይወርዳል፤ ከኔ ደግሞ ደረጃው ሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይሄዳል። ሁሌም እንደዚያ ነበር። ታችኛው መሆን ማለት ይኸው ነው፤ ከላይ የተረፈውን ትቀበላለህ። እስከ ዛሬ ቅር ብሎኝ አያውቅም። አሁን ግን አንድ ሰው ጠብ የምታክል ነገር ከላይ ቢጨምርበት እኔ በምን አውቃለሁ?

በምሳ ሰዓት ከላይ የሚወርደውን ቧንቧ መዝጊያ፣ ቫልቩን፣ ዘጋሁት። ቀጥታ ከባሕር የሚመጣውን የድሮ መስመር ከፈትኩና አፉ ላይ የጨርቅ ማጣሪያ አሰርኩ። አንዱ አላረካኝም፤ ደረብኩበት። ማንም አላየኝም።

ሰኔ 15

ውሃው እንዴት እንደጠራ። መስታወቱ የለ ይመስላል። ጎብኚዎች እኔ ጋ መቆም ጀመሩ፤ አንዲት ሴትዮ ለባሏ "እንዲህ ነው ንጽሕና፣ እየው" ስትለው ባልየው እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረ። አሮጊቷ ቀይ እንደሆነች ብርሃን ውስጥ ቆማለች። እነሱ ሲያደንቁ ቧንቧ የዘጋሁት እኔ መሆኔን መናገር አማረኝ።

ከሰዓት በኋላ የሚስቴ ወንድም ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። እጁን ይጠርጋል፣ መሬት መሬት ያያል። "ውሃው ይደርስሃል ወይ?" አለኝ። ይደርሰኛል አልኩት። ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ለምን ጠየቀኝ? በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ውሃ ጠይቆኝ አያውቅም። ከላይ የጨመረው ነገር መድረሱን ሊያረጋግጥ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

ሰኔ 21

ዳይሬክተሯ ረዳት ሰጡኝ። ሳልጠይቅ። ገና ከትምህርት የወጣች ልጅ ነች፤ ተመራቂዋ እላታለሁ። ትሕትናዋ ደህና ነው፣ "ጋሼ" ትለኛለች። ረዳት የሚሰጠው ግን ለሚቀጥል አዳራሽ ነው ወይስ የሚዘጋውን አዳራሽ ለሚሰልል?

አዳራሹ መግቢያ ላይ የእንስሳት ዓለም ዛፍ ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ሰፍነግ ከግንዱ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ ከሁሉም በፊት የተለየው። ለጎብኚ ሁሉ የምለው አለኝ፤ ይህች ዝቅ ብላ የቀረች እንዳትመስላችሁ፣ ቀድማ ወጥታ በራሷ መንገድ የኖረች ነች፣ እናንተ ስትለዋወጡ እሷ መለዋወጥ አላስፈለጋትም። ተመራቂዋ ይህን ሰምታ ስታበቃ፣ ጎብኚው ከሄደ በኋላ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ነገሩ አከራካሪ መሆኑን ነገረችኝ። ከጄሊፊሽ ጋር የሚመሳሰል፣ ጎኑ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ፀጉር ያለው ግልጽ እንስሳ አለ፤ ከግንዱ ቀድሞ የተለየው እሱ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ አለችኝ።

በመጣች በማግስቱ ሰፍነጌን ከመጀመሪያ ቅርንጫፏ ልታወርድ! ቦታ መቀማት በዚህ ቤት የት ድረስ እንደሚሄድ አየሁ። ያንኑ ባለማበጠሪያውን እንስሳ ሁለት ዓመት አሳድጌዋለሁ፤ ማንኪያ ሲነካው የሚበጣጠስ ፍጥረት ነው።

ሰኔ 24

ተመራቂዋ በጠርሙስ አረንጓዴ ውሃ አምጥታ ለሰፍነጎቹ ላፍስስላቸው አለችኝ። በዓይን የማይታይ የውሃ ተክል፣ አልጌ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ያራባችው። ተቀብዬ አመሰገንኳት። ከሄደች በኋላ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ላይኛው ፎቅ አለች እኮ።

የጋራው ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረውን የዱቄት ምግብም ጣልኩ። ክዳኑ እንደተውኩት አልነበረም። ሰፍነግ በትንሽ የሚኖር ፍጥረት ነው፣ ባሕሩ ይበቃዋል።

ሐምሌ 2

የአሮጊቷ ጫፍ ነጣ። ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ የጥፍር ያህል። ትናንት አልነበረም። ወይም ነበረ፣ እኔ ነኝ በር በር ሳይ ያላየሁት።

ጀመረ ማለት ነው። ቫልቩ ተዘግቶ እንኳ እጁ የሚገባበት መንገድ አግኝቷል።

ሐምሌ 5፣ ማታ

ለዳይሬክተሯ ነገርኳቸው። ሁሉንም አይደለም። ላይኛው ፎቅ የሚሠራው ሰው አዳራሼን እንደሚፈልገው፣ ቁልፍ እንዳለው፣ አንዲት የባሕር አበባ እንደጠፋች፣ አሁን ደግሞ አሮጊቷ እየታመመች መሆኑን ነገርኳቸው። ስለ ቫልቩ አልተናገርኩም፤ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ሳይሆን ነገሩን እንዳያወሳስበው ነው።

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው "ዘመድዎ አይደሉም እንዴ?" አሉኝ። የሥራ ጉዳይ ነው አልኳቸው። ክረምቱ እስኪያልቅ ቁልፉን ያስረክብና በር ላይ ትኬት ይቁረጥ፣ ዓሣዎቹን ተመራቂዋና ጥበቃው ይመግቡ ብለው ወሰኑ። የክረምቱ መጨረሻ ላይ ነገሩ ተጣርቶ፣ እውነት ከሆነ ከሥራ ይወጣል።

ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ጃንጥላዬን ቢሯቸው ረስቼ ወጣሁ፣ ልመለስ አልደፈርኩም።

ሐምሌ 7

ሚስቴ ሰምታለች። እራት አቀረበች፣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መሃረቧን አጥፋ መልሳ ትዘረጋለች። በመጨረሻ "ወንድምጋሼን ምን አደረገኝ ብለህ ነው?" አለች። ገና አልተረጋገጠም አልኳት። "ሳይረጋገጥ ነው እንግዲህ በር ላይ ያስቀመጥከው" ብላ ሳህኖቹን አነሳች። የኔን ሳልጨርስ።

ሐምሌ 13

አሮጊቷ ባሰባት። የሚስቴ ወንድም በር ላይ ተቀምጧል፣ ቁልፍ የለውም፣ እሷ ግን ትነጣለች። ሌሎቹ ትናንሽ ሰፍነጎችም ከስተዋል፤ የተጨማደደ ልብስ ይመስላሉ። ስለዚህ ወይ እሱ ወደ በር ሳይዛወር የገባ መርዝ ነው፣ ወይ ሌላ እጅ አለ።

ማታ በሩ ላይ ቀጭን ክር አሰርኩ፣ የከፈተ ሰው እንዲበጥሰው። ጠዋት ተበጥሶ አገኘሁት። ደሜ ፈላ። ኋላ ሳስበው ስገባ የበጠስኩት እኔ ራሴ ሳልሆን አልቀርም፤ ሳልመረምር ነው በሩን የገፋሁት።

ማጣሪያው ላይ ሦስተኛ ጨርቅ ደረብኩ።

ሐምሌ 18

ሚስቴ የአዳራሹ ቁልፍ በየትኛው ኪሴ እንዳለ ጠየቀችኝ። ለምን አልኳት። ሱሪውን ልታጥበው እንደሆነ ነገረችኝ። ቁልፉን አውጥቼ ትራሴ ሥር አደረግኩ። እያየችኝ ነበር።

በጣም አፈርኩ። ቁልፉን ግን ከትራሴ ሥር አላወጣሁትም።

ሐምሌ 23

ደረጃው ላይ ተመራቂዋ ለጥበቃው ስትነግረው ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። "ውሃው እኮ መስታወት ሆኗል፤ ምኑን ይብሉት?" ትለዋለች። እሱም "ለሱ ማን ይነግረዋል" አላት።

ሰው ንጹሕ ውሃ አይቶ ቅር የሚለው ምን አስቦ ነው?

ሐምሌ 29

ሽታ። ትንሽ። ከአሮጊቷ ሥር።

ነሐሴ 3

አንድ ቅርንጫፏ ወደቀ። ሳነሳው በእጄ ላይ ፈረሰ። ውስጡ ግራጫ ነው። ተመራቂዋ አጠገቤ ቆማ ነበር። ፊቴን አይታ ባልዲ ልታመጣ ሄደች።

ከኔ በፊት የነበረው ጠባቂ ቢመጣ ምን እለዋለሁ? እሷን ሲያስረክበኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ዳይሬክተሯ ዛሬ ሁለት ጊዜ ወረዱ። ሁለተኛው ላይ ዛፉ የተሣለበትን ግድግዳ በዓይናቸው ለኩት።

ነሐሴ 5

አገኘሁት። የሚስቴ ወንድም በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትኬት መሸጫውን ይዘጋና ደረጃው ሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይወርዳል። በእጁ የተሸፈነ ትንሽ ሳህን ይዞ። ዛሬ አየሁት፣ ሲወጣ ሳህኑ ባዶ ነበር። የኔ ውሃ የሚሄደው እዚያ ነው። ነገ እጅ ከፍንጅ ነው።

ነሐሴ 6፣ ማታ

ከየት ልጀምር። እሱ ከወጣ በኋላ ወረድኩ። ጨለማ ነው፣ ይሸታል፣ የኤሊ ኩሱ፣ የዓሣ ፍርፋሪው፣ አተላው ሁሉ እዚያ ነው። ቫልቩን ከዘጋሁ ወዲህ የላይኛው ውሃ በሙሉ ወደኔ መውረዱን ትቶ በትርፍ ቱቦው እዚህ ሲፈስ ከርሟል። ባትሪዬን አበራሁ።

የባሕር አበባዋ እዚያ ነች። ሐምራዊዋ፣ የኔዋ። ውሃ መግቢያው ቱቦ አፍ ላይ ተለጥፋ፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ እኔ ጋ ሳለች ከነበረችው እጥፍ ወፍራለች። አጠገቧ የተከተፈ ዓሣ ቁራጭ ወድቋል። ሌባ፣ አልኩ ጮክ ብዬ፤ ጉድጓዱ መለሰልኝ። ሰርቆ እዚህ ደብቆ ይመግባት ነበር።

ከዚያ ያ የወለቀው ወንፊት ትዝ አለኝ። መውጫው ክፍት ነበር። ድንጋይዋን ለቃ ሄዳ በራሷ ነው የወረደችው፤ እሱ አግኝቷት ይመግባታል እንጂ አልሰረቃትም። ሰኔ 2 ቀን በገዛ እጄ ጽፌው ቁጭ ብሏል።

ባትሪውን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቀይ ነው። ከውሃው ወለል በታች ያለው ግድግዳ፣ ቱቦው፣ የብረት መሰላሉ እግር፣ ሁሉ ቀይ ሰፍነግ ለብሷል። ሰፍነግ ቁጭ የሚለው ካደገ በኋላ ነው፤ ሕፃን ሳለ ይዋኛል። የአሮጊቷ ልጆች በውሃው ወርደው እዚህ ተለጥፈዋል፣ እዚህ አድገዋል። ማንም ሳያጠራላቸው። ማንም በር ሳይቆልፍላቸው። ጣቴን አጠገባቸው አደረግኩ፣ ከቀዳዳቸው የሚወጣው ውሃ ሲገፋኝ ተሰማኝ።

ሰፍነግ የሚበላው ውሃውን ያደፈረሰውን ነው። በዓይን የማይታየውን ተህዋስ፣ ብናኙን፣ ከሌላው የተረፈውን። ይህን ለጎብኚ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ጎብኚውም ልጁን እየጎተተ ሲሄድ ከኋላው ተከትዬ ተናግሬያለሁ። በሦስት ጨርቅ አጥርቼ አስርቤ ገደልኳት። ቃሉ ይኸው ነው፣ ጻፍኩት።

መሰላሉ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እሷን ከማን ስጠብቅ እንደነበር አሰብኩ።

ነሐሴ 7

ጠዋት ቫልቩን ከፈትኩ። ውሃው ደፍርሶ ወረደ። ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ። ሰልፍ ነበረ፤ ተሰለፍኩ። የጎኑን በር ከፍቼ አልፌ መናገር እችል ነበር፣ ግን ተሰልፎ መቅረቡ ቀለለኝ። ተራዬ ሲደርስ የሚስቴ ወንድም ቀና ብሎ አየኝ።

"ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዘጋህ ቀን ጀምሮ ነዋ። ወዳንተ መውረድ ያቃተው ውሃ እኔ እግር ሥር ነው የፈሰሰው። ደረጃ ስወለውል ዋልኩ።"

ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ትኬቷን ቆረጠላት፣ ሕፃኑን ጉንጩን ነካ አደረገው፣ አሳለፋት። ለዳይሬክተሯ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅኩት።

"ብናገር ያስወጡሃል። አንተ ከወጣህ ታችኛውን ማን ይይዘዋል? እኔ እንደሆነ ከኤሊ ሌላ አላውቅም። መጥቼ ጠየቅኩህ አይደል እንዴ፣ ውሃው ይደርስሃል ወይ ብዬ? ይደርሰኛል አልከኝ። በኔ ፊት ካፈርክ ራስህ ትከፍተዋለህ ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ በር ላይ አስቀመጥከኝ፣ ወደ ላይ መውጣትም ተከለከልኩ።"

ያን ቀን በመስኮት የሰማሁትንም ጠየቅኩት። እኔ ፊት እንዳይነሳ ያለው ምን እንደሆነ። ወደ ጣሪያው አየ። ትልቋን ኤሊ ወደ ባሕር እንመልሳት፣ ያኔ ማስፋፊያም አያስፈልግም፣ ታችኛውም አይነካም ብሎ ነበር ዳይሬክተሯን የለመናቸው። እኔ ከሰማሁ ውለታ አልፈልግም ብዬ እንደማበላሸው ያውቃል። ትልቋ ኤሊ ከእጁ የምትበላ ነች፤ ድምፁን ስትሰማ ወደ መስታወቱ ትመጣለች።

እንዴት እንደተለያየን አልጽፍም። ሰው ያይ ነበር።

ነሐሴ 8

ለዳይሬክተሯ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቫልቩንም ጨምሬ። እያለቀስኩ ነው የጨረስኩት፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ወረቀት የሚያስተካክሉ ሴት ናቸው። ከሥራ እንደሚያስወጡኝ ጠብቄ ነበር። "ከሳሽም ተከሳሽም ዘመዳሞች፤ እኔ መሃል ምን አገባኝ" አሉና የሚስቴን ወንድም ወደ አዳራሹ እንዲመለስ፣ ላይኛውንም ታችኛውንም እንዲይዝ አደረጉ። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። አዳራሹ የሚቀጥለው አሮጊቷ ከተረፈች ነው። ካልተረፈች መሃሉ ባዶ የሆነ አዳራሽ ለማን እናሳያለን አሉ። ረስቼው የነበረውን ጃንጥላዬን ከጥግ አንስተው ሰጡኝ።

ነሐሴ 10

አሮጊቷ ላይ ያልሞተ የቀረው ከሥሯ አንድ ቁራጭ ነው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ። ሽታው ዙሪያዋን ከቧታል፤ እንዳለች ብንተዋት መበስበሱ ይደርስባታል። ተመራቂዋ አንድ ዘዴ አለ አለች፤ ከዚህ በፊት አይቼው ስለማላውቅ ልጠራጠራት ስል ራሴን ያዝኩ። ጤነኛውን ቆርጠን በጨርቅ እንጨምቀዋለን። ገላው ተበትኖ ህዋሱ ለየብቻ በጨርቁ ያልፋል፣ የሞተው ይቀራል። ከዚያ በሳህን ውስጥ የተበተኑት ራሳቸው እየተሳቡ ይፈላለጋሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ከቀናቸውም እንደገና ሰፍነግ ይሆናሉ። ከእንስሳት ሁሉ ይህን የሚችል ጥቂት ነው አለችኝ።

ጥሩ ሽመና ያለው ጨርቅ ያስፈልጋል አለች። ከማጣሪያው ላይ አንዱን ፈትቼ፣ አጥቤ ሰጠኋት። የሚስቴ ወንድም ሳህኑን ያዘ፣ እኔ ጨመቅኩ። ቀይ ጉም የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ አለ። እሱ በሌላ እጁ ክንዴን ደገፍ አደረገኝ። ሳህኑ ውስጥ ሲታይ ደለል ነው፣ ሕይወት ያለው ነገር አይመስልም።

ነሐሴ 12

በር ላይ። ሰው ብዙ። ትኬት ስቆርጥ ዋልኩ። ሚስቴ ምሳ ይዛ መጣችና ወንድሟን ጠርታ ሁለታችንንም አንድ ሳህን ላይ አስቀመጠችን። ራሷ ቆማ አየችን፤ ስንጨርስ ሄደች።

ነሐሴ 20

ተጠጋግተዋል ይሉኛል። ትናንሽ ቀይ ነጥቦች። ሳህኑ ውስጥ የሚጨመርላቸው ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው ውሃ ነው፣ እንዳለ፣ ሳይጠራ። ትልቋ ኤሊ ትናንት ተለቀቀች። የሚስቴ ወንድም ጀልባው ላይ ወጥቶ ሸኛት፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ የባሕር ጨው ነው አለ። አላመንኩትም፤ ፎጣ አቀበልኩት።

መስከረም 6

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የሚስቴ ወንድም ወደ በሩ መጣ። እጁን እየጠረገ መስኮቴን አንኳኳ። "መሳብ ጀመረች" አለኝ። ውሃ ማለቱ ነው። ነጥቦቹ አንድ ላይ ሆነው፣ ቀዳዳ አውጥተው፣ ውሃ እየሳቡ እየለቀቁ ነው።

ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ይሆን? እንደዚህ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት። ከዚህ ሁሉ በኋላ። ወንበሬን ለቅቄ ወደ ውስጥ ሄድኩ፣ ሮጥኩ ማለት ይቀላል። ተመራቂዋ አጉሊ መነጽሩን አስተካከለችልኝና ከአረንጓዴው ውሃዋ አንድ ጠብታ ሳህኑ ውስጥ ጣለች። ጠብታው ተንሳፍፎ ቆየ። ከዚያ ቀጭን ክር ሆነና ወደ ቀይዋ ነገር ታጥፎ ገባ። ትንሽ ቆይቶ በላይ በኩል ውሃው ጠርቶ ወጣ።

ስመለስ የሚስቴ ወንድም ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ለአንድ ቤተሰብ ትኬት ይቆርጣል። አባትየው ታች ምን እንዳለ ይጠይቀዋል፤ እሱ ደግሞ ዛፉ ላይ የመጀመሪያዋ ቅርንጫፍ ነች፣ ቀድማ ወጥታ በራሷ መንገድ የኖረች ይለዋል፣ የኔን ንግግር ቃል በቃል። ከየት ሰማው? ደረጃው ላይ ቆሞ ያዳምጠኝ ነበር ማለት ነው።

"አመንከኝ?" አለኝ።

"አየሁት" አልኩት።

ሳቀና ወንበሩን ለቀቀልኝ። ነገም መጥቶ ይነግረኛል። የነገውን ሄጄ አላይም፤ ቃሉ ይበቃኛል።